አንድ ሀይድሮጄል ሴንሰርም ቁስል ማዳኛም መሆን ይችላል? ቴሲሴ ላይ ግራ ገብቶኛል

እርጥብ_ሽቦ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ማስተርሴን ማቴሪያል ሳይንስ እየሰራሁ ነው፣ ርዕሴ ባጭሩ "ለተጣጣፊ ሴንሰርና ለቁስል ፈውስ የሚያገለግል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሀይድሮጄል" ይላል። ሀይድሮጄል ማለት ብዙ ውሃ የያዘ እንደ ጄሊ ያለ መረብ ነው። ርዕሱን ስመርጥ ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል ብዬ ነበር፣ አሁን ሁለቱም ባንዴ እየተነቀሉብኝ ነው።

አሰራሬ እንዲህ ነው፣ 10 ፐርሰንት ፒቪኤ (ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፖሊመር) በ90 ዲግሪ አሟሟለሁ፣ ሶዲየም አልጂኔት (ከባህር አረም የሚወጣ) እቀላቅልበታለሁ፣ ፔትሪ ዲሽ ውስጥ አፍስሼ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አድሮ ጠዋት ይቀልጣል፣ እንደዛ ሶስት ዙር፣ በመጨረሻ 10 ፐርሰንት ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ሲወጣ የምር ያምራል። ጣቴ ላይ ለጥፌው በሁለቱ ጫፍ የመዳብ ሽቦ ሰክቼ በመልቲሜትር ስለካው ጣቴን ባጠፍኩ ቁጥር ሪዚስታንሱ (ከረንት የመከልከል አቅሙ) ይወጣል ስዘረጋው ይወርዳል፣ የዛን ቀን ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ችግሩ ከዛ ጀመረ። አንደኛ ጣቴን ሳላንቀሳቅስ ራሱ ቁጥሩ አይቆምም፣ መጀመሪያ አስር ደቂቃ ገደማ ይወርዳል ከዛ ቀስ እያለ መውጣት ይጀምርና አያባራም፣ በማግስቱ ደሞ ጄሉ ተኮማትሮ እንደ ጠፍር ደርቆ ይጠብቀኛል። ሁለተኛ ጌጅ ፋክተሬ (በተለጠጠው ልክ ሪዚስታንሱ ስንት እጥፍ ይቀየራል የሚለው ማለቴ ነው) እስከ 50 ፐርሰንት ለጥጬው 2.4 ብቻ ነው፣ ፔፐር ላይ ግን 6 ምናምን የሚሉ ሞልተዋል። ሶስተኛው ዋናው ነው፣ ፋይብሮብላስት (ቁስል የሚጠግነው የቆዳ) ሴል ላይ ሳስቀምጠው በ24 ሰአት ውስጥ ሴሎቹ አለቁ። ቃል በቃል አለቁ። ያነበብኩት ሪቪው ሁሉ አልጂኔትም ፒቪኤም ለሴል ተስማሚ ናቸው ይላል፣ የኔው ምን ነክቶት ነው?

አድቫይዘሬ "ግሊሰሮል ጨምርበት" ብለው ሄዱ። በናታችሁ ላብ ውስጥ ላቤ ጠብ እስኪል ስሰራ ሶስት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ኦም_በኦም፦
ወንድሜ አይዞህ፣ ካነሳሃቸው ሶስት ነገሮች አንዱ ጭራሽ ችግር አይደለም። ከሱ ልጀምር።

2.4 የጄልህ ድክመት ሳይሆን ጂኦሜትሪ ነው። ያንተ ጄል ውስጥ ከረንት የሚሸከመው አዮን ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ጨው ማለት ነው። ስትለጥጠው ይረዝማል፣ ቮልዩሙ ስለማይቀየር ደሞ ይቀጥናል፣ ስለዚ ሪዚስታንሱ የሚጨምረው በርዝመቱ እጥፍ ስኩዌር ነው። ራስህ ስራው፣ 50 ፐርሰንት ሲለጠጥ ርዝመቱ 1.5 እጥፍ ሆነ፣ ስኩዌሩ 2.25፣ ለውጡ 1.25፣ ለ0.5 ስታካፍለው 2.5። አንተ 2.4 አገኘህ፣ እንደውም በጣም ንፁህ ልኬት ነው እላለሁ። እና ያ 6 የሚለው ፔፐር ስንት ፐርሰንት ለጥጦ ነው ብለህ ተመልከት፣ 400 ፐርሰንት ከሆነ ርዝመቱ 5 እጥፍ፣ ስኩዌሩ 25፣ ለውጡ 24፣ ለ4 ሲካፈል ኩልል ያለች 6። ምንም የተለየ ኬሚስትሪ የለበትም፣ በጨው ውሃ የተሞላ የጎማ ቱቦ ብትለጥጥም ያንኑ ይሰጥሃል። ካርቦን ናኖቲዩብ ወይም ማክሲን (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ቅንጣቶች) የጨመሩት ከዚህ በላይ ሊያገኙ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ሲለጠጥ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የነበራቸው ንክኪ እየተላቀቀ ነው፣ ዋጋው ግን ስትለቀው በሄደበት መንገድ አለመመለሱ ነው። እኔ ብሆን ከፍ ያለ ጌጅ ፋክተር ካለውና ሺ ጊዜ ተለጥጦ ያንኑ ቁጥር ከሚሰጠው ሁለተኛውን ነው የምመርጠው።

አሁን ቁጥሩ አይቆምም ያልከው። መጀመሪያ የሚወርደው ጄሉ በጣትህ ሙቀት እየሞቀ ስለሆነ ነው፣ የጨው ውሃ ኮንዳክቲቪቲ (ከረንት የማሳለፍ አቅሙ) በየዲግሪው 2 ፐርሰንት አካባቢ ይጨምራል፣ ከክፍሉ 22 ዲግሪ ወደ ቆዳህ 32 ከሄደ ሪዚስታንሱ ወደ 20 ፐርሰንት ሊወርድ ነው፣ ያ ማለት ደሞ ጣትህ ምንም ሳያደርግ ሴንሰርህ የ10 ፐርሰንት መኮማተር አየሁ ይልሃል። ብዙ ሰው ይቺን ነገር ሳያያት ያልፋል! ከዛ የሚወጣው መድረቁ ነው። ሶስተኛው ወንጀለኛ መልቲሜትርህ ነው፣ እሱ የሚልከው ዲሲ ከረንት ነው፣ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ፣ አዮኖች ኤሌክትሮዱ ጋ ሄደው ይከማቹና የምትለካው ጄሉን ሳይሆን ያንን ክምችት ይሆናል። ኤልሲአር ሜትር የሚባለውን መለኪያ ፈልግና በኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ በሚሄድ ከረንት) 1 ኪሎኸርዝ አካባቢ ለካው፣ ቮልቴጁን ደሞ ዝቅ አድርገው።

መድረቅን በተመለከተ ግሊሰሮል የተባለው ልክ ነው፣ ውሃውን ይይዘዋል ብርድም ላይ በረዶ እንዳይሆን ያደርገዋል፣ ግን ጄሉ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወፍራም ስለሚያደርገው አዮኖቹ ይዘገያሉ፣ ሪዚስታንስህ ይወጣል። ሌላው በስስ ጎማ መሸፈን ነው፣ ሲልከን እንዳትጠቀም ግን፣ ሲልከን ውሃ የማያሳልፍ ይመስላል እንጂ እንፋሎቱን ያሳልፋል፣ በሳምንቱ ደርቆ ታገኘዋለህ። ቡቲል ረበር ይሻላል።

እርጥብ_ሽቦ፦
እህት ነኝ ሃሃ፣ ግን አመሰግናለሁ በጣም። የስኩዌሯን ነገር ያነበብኩት ቆሜ ነው፣ ሶስት ወር ሙሉ ጌጅ ፋክተሬ አነሰ ብዬ ሳለቅስ ነበር እኮ።

ኦም_በኦም፦
ኧረ ይቅርታ እህቴ! ቀሪውን በአንቺ እንቀጥላለን።

ጣት_አጣፊው፦
እኔ ለመሳቅ ነው የገባሁት። ይሄ ፊልድ ውስጥ ጣት ያላጠፈ ፔፐር አለ እንዴ? ፊገር 5 ጣት ሲታጠፍ፣ ፊገር 6 ጉልበት ሲታጠፍ፣ ፊገር 7 ሰውየው ሲውጥ ጉሮሮው ላይ፣ ከዛ መጨረሻ ላይ ለወደፊቱ ህክምና ተስፋ ሰጪ ነው። መጥፎ ስራ ነው አላልኩም፣ እኔም ሰርቼዋለሁ፣ ጣቴ ምስክር ነው።

ፋይብሮ፦
የሴሉን ነገር ለኔ ተዉት፣ ላብ ውስጥ ሴል ሳሳድግ ነው የምውለው። እህቴ ከመመለሴ በፊት ሁለት ነገር ንገሪኝ። ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ካወጣሽው በኋላ አጥበሽዋል ወይ? ለሴሉ የሰጠሽውስ ለብቻው የተሰራ አዲስ ጄል ነው ወይስ ጣትሽ ላይ ከዋለው የተቆረጠ?

እርጥብ_ሽቦ፦
አላጠብኩትም ምክንያቱም ሳጥበው ሲግናሉ ደከመብኝ። ጄሉ ደሞ... እውነቱን ልናገር፣ ፒቪኤው እያለቀብኝ ስለነበር ከሴንሰሩ ጫፍ ቆርጬ በዩቪ አፅድቼ ነው የሰጠሁት። ሽቦው የነበረበት ጋ ትንሽ ሰማያዊ ነገር ነበረው፣ ቀለም ነው ብዬ አለፍኩት። እዛ ጋ ጄሉ ጠንከር ያለም ነበር።

ፋይብሮ፦
ሰማያዊው ቀለም አይደለም፣ መዳብ ነው። መዳብ ክሎራይድ ባለበት ጨው ውስጥ ብቻውንም ይበላል፣ ዲሲ ሲጨመርበት ደሞ አታንሺው። የተለቀቀው የመዳብ አዮን አልጂኔትን ከካልሲየም በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው እዛ ጋ የጠነከረው፣ ለሴል ደሞ መርዝ ነው። አንዱ ገዳይ ተያዘ።

ሁለተኛው ካልሲየሙ ነው፣ እሱ እንደውም ሳይብስ አይቀርም። 10 ፐርሰንት ካልሲየም ክሎራይድ ማለት 1 ሞላር አካባቢ ነው፣ ሴሎችሽ የሚኖሩበት ሚዲየም ውስጥ ያለው ካልሲየም 1.8 ሚሊሞላር ነው፣ 500 እጥፍ ገደማ። ያን ሁሉ ጨው የጠጣ ጄል ሚዲየም ውስጥ ስታስገቢው ጨው ይለቃል፣ ሴሉ ውሃው ከውስጡ ተስቦ ይኮማተራል። አልጂኔትና ፒቪኤ ለሴል ተስማሚ ናቸው ያለሽ ሪቪው አልዋሸም፣ የታጠበውን ማለቱ ነው።

እና አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንምጣ። ካጠብኩት ሲግናሉ ይደክማል አልሽ አይደል? የርዕስሽ ጣጣ እዛች አረፍተ ነገር ውስጥ አለልሽ። ሲግናልሽን የሚሰጥሽ ጨው ሴልሽን ይገድላል፣ ለሴሉ ብለሽ ስታጥቢው የሚቀርሽ የሰውነት ፈሳሽ ያህል ጨው ያለው ጄል ነው፣ ይሰራል ግን እንደ በፊቱ አይሆንም። ግሊሰሮሉም እንደዛው፣ እንዳይደርቅ የሚበቃው መጠን ብዙ ጊዜ ሴል ከሚችለው በላይ ነው። ጨውንና ግሊሰሮልን ትተሽ ብታስቢው ራሱ ያው ነው፣ ሴንሰር የሚባል ነገር ዛሬም ነገም ያው ሆኖ እንዲቆይ ነው የሚፈለገው፣ ቲሹ (የሰውነት ህብረ ህዋስ) የሚጠግን ጄል ደሞ ሴሉ እየገባበት እየበላው ቦታውን ለቆ እንዲጠፋ ነው የሚፈለገው። እየፈረሰ ባለ ነገር እንዴት ትለኪያለሽ?

ሌላም ላክልበት፣ ቁስል ፈውስ ስትይ የትኛውን ነው? ቆዳ ላይ ተለጥፎ ኋላ የሚላጥ መሸፈኛ ከሆነ መሟሟት አይጠበቅበትም፣ ስራው እርጥበት መያዝ ነው። ጆርጅ ዊንተር በ1962 አሳማ ላይ ባደረገው ሙከራ በስስ ፊልም ተሸፍኖ እርጥብ ሆኖ የቆየ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ቅርፊት ካበጀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ ለበሰ፣ ከዛ በፊት ቁስል ይድረቅ ነበር የሚባለው። ለዚህ ያንቺ ፒቪኤ ይሆናል። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ቲሹ ይተካል ካልሽ ግን አይሆንም፣ ፒቪኤን ሰውነታችን አይፈጨውም፣ አልጂኔትንም የሚቆርጥ ኤንዛይም የለንም፣ ሶዲየም የካልሲየሙን ቦታ ሲቀማው መረቡ ይላላል እንጂ ሰንሰለቶቹ እንዳሉ ናቸው። ደሞ ሁለቱም ለሴል መያዣ የላቸውም፣ ሴል የሚጨብጠው አርጂዲ የሚባል ፔፕታይድ አለ፣ ጄላቲንና ኮላጅን ላይ አለ፣ ያንቺ ላይ የለም። ስለዚ ሴሎቹ ሳይሞቱም እንደ ኳስ ድብልብል ብለው ተንሳፍፈው ልታገኚያቸው ትችያለሽ፣ ያንን ሞት ብለሽ እንዳትመዘግቢው።

ኦም_በኦም፦
ጥሩ ተብሏል፣ ግን ትንሽ አከረርከው ፋይብሮ። ጠንካራና እርጥብ አብረው አይሄዱም ሲባል ስንት አመት ኖርን፣ ከዛ በ2003 ጃፓን ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ እነ ጂያን ፒንግ ጎንግ ድርብ መረብ አመጡ፣ አንዱ መረብ ተሰባሪ ሌላው ተለጣጭ፣ ተሰባሪው እየተሰበረ ጉልበቱን ይውጣል ተለጣጩ ጄሉን ያዝ ያደርገዋል። በ2012 ደሞ ሃርቫርድ ላይ አልጂኔትን ከፖሊአክሪላማይድ ጋር አዳቅለው፣ አብዛኛው ውሃ የሆነ ጄል፣ ከ20 እጥፍ በላይ ተለጠጠ። እዛ ላይ ካልሲየሙ ነው እንደ ዚፕ እየተፈታ ጉልበቱን የሚበላው። አይሆንም የተባለ ሁሉ አይሆንም ማለት አይደለም ለማለት ነው።

ፋይብሮ፦
እሱንማ ማን ካደ። ግን እዛ የተፋቱት ሁለት ባህሪዎች ነበሩ፣ እዚህ የተጣሉት ሁለት ስራዎች ናቸው። ደሞ ያ ፖሊአክሪላማይድ ሲያያዝ ምንም አይደለም፣ ሳይያያዝ የቀረው አክሪላማይድ ግን ነርቭ ላይ መርዝ ነው፣ ቀናት ሙሉ ካላጠብሽው ለሴል አይሰጥም። እንደገና ማጠብ መጣች ሃሃ።

የጄል ታሪክ ከተነሳ አንዷን ሳልናገር አላልፍም። በ1960 ፕራግ ላይ ኦቶ ዊክተርሌና ድራሆስላቭ ሊም ሰውነት የሚቀበለው ጄል ብለው ያወጡት ነው ዛሬ አይን ላይ ወደሚደረገው ለስላሳ ሌንስ የመጣው። ዊክተርሌ ሌንሱን የሚያሽከረክርበትን ማሽን በ1961 ገና ሰሞን ቤቱ ቁጭ ብሎ ከልጆች መገጣጠሚያ አሻንጉሊትና ከብስክሌት ዳይናሞ ነው የሰራው። እና አንቺ በመልቲሜትር ለካሁ ብለሽ እንዳታፍሪ።

ሰባት_ፒኤች፦
ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ሁሉንም አነበብኩት፣ አንድ ነገር ማንም አላነሳም መሰለኝ። ቁስል ላይ የተለጠፈ ጄል ጣት ታጠፈ አልታጠፈ ምን ገዶት? ሁላችሁም ሴንሰር ሲባል የመለጠጥ ሴንሰር ብላችሁ ነው የያዛችሁት፣ ፔፐሮቹም እንደዛው፣ ጣት ላይ ይለኩና ከዛ አይጥ ጀርባ ላይ ቁስል ያድናሉ፣ ሁለቱ ሙከራዎች ተዋውቀው አያውቁም። ጅማት ጥገና ቢሆን ይገባኛል፣ ጅማት የሚጠገነው እየተለጠጠ ነው ስለዚ ስንት እንደተለጠጠ ማወቅ ይጠቅማል። ቆዳ ላይ ላለ ቁስል ግን ሀኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፣ ሞቀ ወይ፣ ፈሳሹ በዛ ወይ፣ ፒኤቹ ወዴት ሄደ። ጤነኛ ቆዳ አሲዳማ ነው ከ4 እስከ 6 አካባቢ፣ ሳይድን የቆየ ቁስል ደሞ ከ7 በላይ ወደ 8 እና 9 ይሄዳል። ጄልሽ ውስጥ ከፒኤች ጋር ቀለሙን የሚቀይር ነገር አስረሽ ብታስገቢ ሽቦም አያስፈልግሽ ጨውም አያስፈልግሽ፣ መድረቁም ይቀልልሻል ምክንያቱም ቁስሉ ራሱ እርጥብ ነው።

ወይ ደሞ ይሄን አስቢ፣ ኦም የሙቀት ስህተት ያለው ላንቺ ስህተት መሆኑን ትቶ ልኬት ይሁን። በየዲግሪው 2 ፐርሰንት የሚቀየር ነገር ቴርሞሜትር ነው እኮ! ሳይለጠጥ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ካስቀመጥሽው።

ኦም_በኦም፦
ይሄኛው ጥሩ ነው ባልል ውሸታም እሆናለሁ። ሶስት አንቀፅ ሙሉ ስከሰው የነበረው ወንጀለኛ ምስክር ሆኖ መጣ። ግን ተጠንቀቂ፣ ጄሉ ሲያብጥም ሲደርቅም ሪዚስታንሱ ስለሚቀየር ሙቀቱን ለይቶ ለማወቅ ሁለተኛ ማመሳከሪያ ጄል ያስፈልግሻል፣ ከላይ ተሸፍኖ ከቁስሉ ጋር የማይነካካ።

ሁለቱንም ስራ አንድ ጄል ላይ ማብዛት ካስቸገረሽ ደሞ ለያያቸው። ከታች ቁስሉን የሚነካ የታጠበ ስስ ጄል፣ ከላይ ጨውና ግሊሰሮል ያለበት ሴንሰር፣ መሀላቸው ጨው የማያሳልፍ ቀጭን ጎማ። እንዴት አጣብቀዋለሁ ካልሽ መንገድ አለ፣ በ2017 ሃርቫርድ ላይ ከአንድ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ንፍጥ ተምረው ደም ባለበት እንኳን የሚይዝ ሙጫ ሰርተዋል፣ በ2019 ደሞ ኤምአይቲ ላይ ደረቅ ባለሁለት ፊት ቴፕ፣ እርጥብ ቲሹ ላይ ስታስቀምጪው መጀመሪያ ውሃውን ራሱ ይመጠውና በ5 ሰከንድ ያህል ይይዛል። ያንቺ ጨዋታ እዛ ድረስ ይሂድ አላልኩም፣ ሀሳቡን ነው።

እርጥብ_ሽቦ፦
ትላንት ሙሉ ቀን ይሄን ገፅ ከፍቼ ነው የዋልኩት። አድቫይዘሬ ጋ ገብቼ ስኩዌሯን ሰሌዳ ላይ ሰራሁላቸው፣ ዝም ብለው አዩና "ታዲያ እስከዛሬ ያነበብነው ምንድነው" አሉ፣ ከዛ ርዕሱን ማጥበብ ትችያለሽ አሉኝ። የመለጠጡን ነገር አንድ ምዕራፍ ላይ ትቼው ዋናውን የቁስል መሸፈኛ ላድርገውና ሙቀትና እርጥበት ልለካ ነው። ቲሹ ጥገና የሚለው ሀሳብ ከስራዬ ወጣ፣ አመሰግናለሁ ፋይብሮ፣ ያንን ዲፌንስ ላይ ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

አዲስ ጄል ሰርቼ ፒቢኤስ (ለሴል የሚሆን የጨው ውሃ) ውስጥ እየቀያየርኩ ሶስት ቀን ልዘፍዝፈው ነው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ አልጂኔቱ እዛ ውስጥ አይላላብኝም? ሽቦውንስ በምን ልተካው፣ ብርና ብር ክሎራይድ አለን።

ፋይብሮ፦
ይላላል፣ ፒቢኤስ ውስጥ ፎስፌት አለ ካልሲየሙን ይነጥቅና ነጭ ደለል ያደርገዋል። በትሪስ ወይም በሄፐስ ባፈር (ፎስፌት የሌለበት ፒኤች ጠባቂ ፈሳሽ) እጠቢው ከ2 ሚሊሞላር ካልሲየም ጋር፣ ጨዉ ወጥቶ መረቡን የያዘው ካልሲየም እንዲቀርልሽ። እያበጠ መሆኑን በየቀኑ መዝኚው፣ ክብደቱ ሲቆም ማበጡን ጨርሷል ማለት ነው። ሴል ላይ ስትሞክሪ ደሞ ሚዲየም ብቻ ያለበት አንድ፣ የታጠበ ጄል አንድ፣ ያልታጠበ ጄል አንድ፣ ሆን ብለሽ መዳብ ያስነካሽው አንድ አድርጊ፣ ስህተትሽ ራሱ ዳታ ይሆንልሻል። ከ70 ፐርሰንት በታች ከሞተብሽ በአይኤስኦ 10993 ክፍል 5 (የህክምና መሳሪያ መመዘኛ) መሰረት ሴል ገዳይ ተብሎ ነው የሚፃፈው።

ጣት_አጣፊው፦
ከ70 በታች ከቀረ ማለትህ ነው እንጂ ከሞተ? 70 ሞቶማ ምን ሊቀራት ነው።

ፋይብሮ፦
ሃሃሃ ልክ ነህ፣ በህይወት የቀረው ከ70 በታች ከሆነ። በዚህ ሰአት የምፅፈው ሴል ስመግብ አምሽቼ ነው።

ብሩን ደሞ ሴሉ ባለበት እንዳትጠቀሚው፣ ብር ባክቴሪያ እንደሚገድል ሁሉ ሴልም ይገድላል። ጣት ላይ ለመለካት ይሁንልሽ፣ ለሴሉ ጎን ካርቦን።

እርጥብ_ሽቦ፦
ካርቦን ጨርቅ ከባትሪ ክፍል ልለምን ነው። ሰኞ ክብደቱን ይዤ እመለሳለሁ።